ይቺን ሕይወት ልጨርስ!

በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ የፈለሰፈው ሰው የኛን ሰፈር ሳያይ አልቀረም እላለሁ። እኛ ሰፈር ልጅ ሆኖ ሩብ ሰዓት ሳይጠራ የተጫወተ የለማ! «ና፣ ሽንኩርት ገዝተህ ና!» «ሂድ፣ ለነእትዬ ቡና ደርሷል በል!» ቴሌቪዥን ላይ በተሰካ ጌም መሀል እንዲህ የተጠራ ልጅ አለቀለት፤ ሲመለስ ተራውን ሌላ ወስዶበታል። ጌምቦይ የያዘ ግን «ስታርት»ን ጠቅ አድርጎ ወደ ሱቅ ይሮጣል። ሽንኩርቱን አድርሶ ሲመለስ ማሪዮ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይጠብቀዋል። ዘሎ ሳያርፍ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ቡና እስኪጠራ!

የኛ ጌምቦይ የመጣው ከጣልያን ነው፣ በአክስቴ ሻንጣ፣ በሹራብ ተጠቅልሎ። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ጡብ የሚያክል። ኪስ ውስጥ ይገባል የሚሉት የፈረንጅ ኪስ እንዴት ቢሆን ነው? ሲበራ የኩባንያው ስም ከላይ ቀስ ብሎ ይወርድና መሀል ላይ ሲደርስ «ቲሪንግ!» ይላል። ያቺን «ቲሪንግ» ዛሬ ብሰማ እጄ ራሱ አውራ ጣቶቹን ያዘጋጃል። ስሙ ተበላሽቶ ጥቁር ነገር ብቻ ከወረደ ካሴቱ አልተነበበም ማለት ነው፤ ይነቀላል፣ «እፍ!» ይባላል፣ ይሰካል። «እፍ»ታው ምንም እንደማይሠራ፣ እንዲያውም ምራቃችን ብረቱን እንደሚያዝገው፣ ሥራውን የሚሠራው ነቅሎ መሰካቱ እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት። ይሁን፤ «እፍ» ግን አምልኳችን ነበር።

የጌምቦይ ሠሪ ጉንፔ ዮኮይ ይባላል፣ የኒንቴንዶ መሐንዲስ። ባቡር ላይ አንድ የደከመው ሠራተኛ ካልኩሌተሩን እየነካካ ጊዜውን ሲገፋ አይቶ ነው አሉ ጌም ኤንድ ዋች የተባለችውን የኪስ መጫወቻ ያሰባት። እሷ በ1980 ወጣች (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ዛሬ በየመጫወቻው ላይ በግራ አውራ ጣት የምንጫነው የመስቀል ቅርጽ ቁልፍም በ1982 ከዚሁ ቤተሰብ፣ ዶንኪ ኮንግ ከተጫነባት ላይ የመጣ ነው።

የዮኮይ መርህ ግልጽ ነበር፦ አዲስ ቴክኖሎጂ አታሳድ፤ የከረመውን፣ የረከሰውን፣ ጠባዩ የታወቀውን ውሰድና ማንም ባላሰበው መንገድ ተጠቀምበት። ጌምቦይ በ1989 ሲወጣ ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ ብቻ ነበር፣ አረንጓዴ ቢጤ፣ ከደማቅ እስከ ፈዛዛ አራት ደረጃ፣ ከኋላው መብራት የሌለው። በዚያው ዓመት የአታሪው ሊንክስ፣ በዓመቱ ደግሞ የሴጋው ጌም ጊር መጡ፤ ባለ ቀለም፣ ባለ መብራት! ወረቀት ላይ ጌምቦይን አፈር ያስግጡታል። ግን ሁለቱም ስድስት ስድስት የባትሪ ድንጋይ ጎርሰው በጥቂት ሰዓት ይጨርሱታል። ጌምቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። ስድስት ድንጋይ ለአንድ ከሰዓት? የትኛው ወላጅ!

አራቱንስ ቢሆን ማን ሰጥቶን። ከስክሪኑ በስተግራ ያለችው ቀይ መብራት መፍዘዝ ስትጀምር ጉባኤ እንቀመጣለን። ድንጋዩ መጀመሪያ ቦታ ይቀያየራል። ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይሰጣል። ከዚያ በጥርስ ይነከሳል፤ ያኔ የተነከሰ ድንጋይ ለአንድ ዙር ነፍስ ይዘራል ብለን እንምል ነበር። በመጨረሻ ዓይናችን ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ይሄዳል። ሰዓታችን በሳምንት ሁለቴ የሚቆምበት ምክንያት እናቴን ለዓመታት ሲያስገርማት ኖሯል።

መብራት ሲጠፋስ? ባለ ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ዝም! ይህ የጌምቦይ የድል ሰዓት መሆን ነበረበት፤ ሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ግን አይታይም። ሻማ ስር አራት ራስ ተጋጥሞ፣ አንዱ ሻማውን ያዘንባል፣ አንዱ ይጫወታል፣ ሁለቱ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይጮኻሉ፤ ፀጉር ይለበለባል። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ጌም የለም፤ ምን እንደተጫወትን ግን አላስታውስም።

እናቴ «ይሄ የልጅ ነገር» እያለች ስታልፍ ስታገድም ከረመች። አንድ ምሽት ቴትሪስን ተቀበለችን። ተቀበለችን ስል ቀማችን ማለቴ ነው። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ቅርጹ ወደ ቀኝ ሲሄድ በሙሉ ገላዋ ወደ ቀኝ እየሄደች፣ «ረጅሙ የት አባቱ ቀረ?» እያለች፤ ወጡ አረረ። ሩሲያዊው አሌክሲ ፓዢትኖቭ በ1984 ሞስኮ ሆኖ የሠራት ይቺ ጨዋታ ሰባት ቅርጽ ብቻ ናት፤ ጀግና የለ፣ ጠላት የለ፣ የሚነበብ የለ። የጌም ነጋዴው ሄንክ ሮጀርስ የኒንቴንዶ አሜሪካን አለቃ ሚኖሩ አራካዋን የወተወተው ለዚህ ነበር፦ ከጌምቦዩ ጋር ማሪዮን ብታደርግ ወንድ ልጆች ይገዙሃል፣ ቴትሪስን ብታደርግ ግን ሁሉም ሰው ይገዛሃል እያለ። አራካዋም ሰማው፤ አሜሪካ ውስጥ ቴትሪስ አብራ በካርቶኑ ትሸጥ ጀመር። በ1993 ኮስሞናት አሌክሳንደር ሴሬብሮቭ ሚር ወደተባለው የጠፈር ጣቢያ ይዟት ወጥቷል። 100,000 ነጥብ ሲታለፍ በመጨረሻ ሮኬት ትነሳለች፤ ከቤታችን ሮኬቷን መጀመሪያ ያየችው እናቴ ናት። ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ጌምቦይ ለሌላቸው መርካቶ ነበረላቸው። «9999 ጌም በአንድ» የሚል ተለጥፎባት፣ አሥር በሃያ በሆነች ጥቁር ነጥብ የምትጫወት የቻይና ብሪክ ጌም! ከ9999ኙ ቴትሪስ፣ እባብ፣ መኪና ይገኝና የቀረው ያው ጌም ፍጥነቱ ተቀያይሮ ሲቆጠር ነው። ማንም አልተከፋም። እንዲያውም አንዱ የሰፈራችን ልጅ 4000ኛው ደርሻለሁ ብሎ ይኮራብን ነበር።

ኋላ ደግሞ ፖኬሞን መጣ፣ ጃፓን ውስጥ በ1996። ልጅነቱን ነፍሳት በማሳደድ ያሳለፈው ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ ሁለት ጌምቦይ በሽቦ ተያይዞ ሲያይ፣ ነፍሳት በሽቦው ላይ እየተራመዱ ሲሻገሩ ነው የታየው። ስለዚህ ካሴቱን ሁለት አደረጉት፤ አንዱ ውስጥ ያሉት አንዳንዶቹ ፍጡራን ሌላው ውስጥ የሉም፣ ስብስቡን ለመሙላት ጓደኛ የግድ ነው። የፈለግህበት ቦታ ሴቭ ታደርጋለህ፤ ቢጠሩህ ግድ የለህም። ነገር ግን ሴቭ የሚቀመጥበት ቦታ አንድ ብቻ! ወንድሜ «አዲስ ጨዋታ» ብሎ የኔን የደመሰሰበት ቀን ከቤተሰባችን ታሪክ አልተፋቀም።

ዛሬ የእህቴ ልጅ የኒንቴንዶ ስዊች ይዟል፣ የ2017ቱን። ተራራ ይወጣል፣ ዝናብ ይዘንብበታል፣ ፈረሱ ይሸሸዋል፤ ሁሉም መዳፉ ላይ! ሲጠሩት ከላይ ያለችውን ቁልፍ ነካ ያደርጋታል፣ ዓለሙ በሙሉ ይተኛል፣ ሲመለስ ከዚያው ይነሳል። በ2022 የመጣው ስቲም ዴክም ትልልቆቹን የኮምፒውተር ጌሞች እንዲሁ ያስተኛቸዋል። ይህን ሳይ እንደ ልጅ ያስፈነድቀኛል። ኃይሉ ይጨምር እንጂ የሚወደደው ጠባይ ያው ነው፦ ጌሙ አንተን ይጠብቅሃል።

ለዚህ ነው በስልክ ጌሞች የምናደደው። ከረሜላ የሚደረደርባትን ሁሉም ያውቃታል። አምስት ሕይወት ትሰጥሃለች፣ ስታልቅ ለአንዷ 30 ደቂቃ ጠብቅ፣ አሊያ ክፈል ትልሃለች። ድሮ ጨዋታችንን የሚያቋርጠው የሽንኩርት ነገር ነበር፤ አሁን ጌሙ ራሱ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌሊት «ዛሬ አልመጣህም!» ብሎ መልእክት ይልክብሃል። ማን ሆኖ ነው?

ባለፈው ጓደኛዬ ከአሜሪካ ሲመጣ ፕሌይዴት የተባለች ቢጫ፣ ቀጭን መጫወቻ ይዞ መጣ። እሷም የ2022 ናት። ስክሪኗ ጥቁርና ነጭ፣ በጎኗ የምትዞር ትንሽ እጀታ አላት። በአንዱ ጌም እጀታዋን ወደፊት ስታዞር ሰውዬው ወደ ቀጠሮው ይሄዳል፣ ወደኋላ ስታዞር ጊዜው ይመለስና እየተንገዳገደ ወደ አልጋው። የእህቴ ልጅ ያንን ሲያይ ስዊቹን ሶፋ ላይ ጥሎት መጣ። ትንሽ አዞረ፣ ፊቱን አቀጨመ፣ ገለባብጦ አያት።

«አጎቴ፣ መብራቱ በየት ነው የሚበራው?»

መብራት የላትም! ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ፣ ሆን ብለው፣ ያለ መብራት ሠርተዋታል! ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አምፖሉ ስር ያለውን ወንበር አሳየሁት።