ኬላ ላይ ሮኬት ይዞ መገኘት

ኬላ ላይ «ምንድን ነው የያዝከው?» ለሚል ፈታሽ ፈጽሞ የማይሰጥ መልስ አለ። እኔ ሰጠሁት። «ሮኬት ነው» አልኩ።

ከአዲስ አበባ ቴፒ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጂማንና ቦንጋን አልፌ፣ ሚዛን አድሬ ነበር የመጣሁት። እንቅልፍ ስላልጠገብኩ ምላሴ አእምሮዬን ቀደመው። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ «በስመ አብ!» ሲሉ ሰማሁ። ከሚዛን ጀምሮ ትከሻዬን ትራስ አድርጎ የመጣው ወጣት ነቅቶ፣ በሕይወቱ አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«መጫወቻ ነው፤ የሚገጣጠም። የልጆች» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«የስንት ዓመት ልጅ አለህ?»

ልጅ የለኝም። ዕድሜዬ ግን አርባ አምስትን አልፏል። «የአክስቴ የልጅ ልጅ አለ» አልኩ፤ ይኼ እንኳ እውነት ነው። ፈታሹ ካርቶኑን ከፈተ። ወፍራም የወረቀት ቱቦዎች፣ ነጭ የፕላስቲክ ሾጣጣ፣ እንደ ብስኩት የቀለሉ የእንጨት ሰሌዳዎች፣ በክር የታሰረ ከፌስታል የሳሳ ጃንጥላ። አንዱን ቱቦ አነሣና በውስጡ አሻግሮ አየኝ። «ይኼ ነው ሮኬት?» አለ። ቅር እንዳለው ያስታውቃል። ለነገሩ እኔንም ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

የነገሩ ሥር ግን ካርቶኑ ውስጥ አይደለም። ቤተሰባችን በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ነው። ቴፒ ትምህርት ቤት ስገባ መምህራችን «ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ሐኪም የሚል አለ፣ ፓይለት የሚል አለ፣ ሾፌር የሚል ደግሞ ሞልቷል። እኔ «ሮኬት ሠሪ» አልኩ። መምህሩ ዝቅ ብለው ደብተሬን አዩና «በቅድሚያ ደብተርህን ለብድ» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። ታላቅ ወንድሜ ከክፍሉ ውጭ በመስኮት ሲያይ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ አሜሪካ ገብቶ፣ አልረሳውም። የሰው ወንድም ስልክ ይልካል፤ የእኔው ሳተርን 5 የሚባለውን የጨረቃ ሮኬት ሞዴል ላከልኝ። ካርቶኑ ላይ በእጁ «ደብተርህን ለብደሃል?» ብሎ ጽፏል።

ሞተሩን ግን አልላከም። የእንዲህ ዓይነቱ ሮኬት ሞተር በወረቀት ቱቦ ውስጥ የተጠቀጠቀ ባሩድ ነው፤ ባሩድ ደግሞ በመንገደኛ ሻንጣ አይመጣም። ስለዚህ ገና ሳልጀምረው የማይነሣ ሮኬት ባለቤት ሆንኩ።

ይህን ነገር በወረቀትና በባሩድ ያሰበው ሰው የጫማ ነጋዴ ነበር። ኦርቪል ካርላይል ይባላል፤ ነብራስካ ውስጥ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ጫማ እየሸጠ በጎን ርችት ይወድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የወረቀት ቱቦ፣ የባሩድ ሞተርና ጃንጥላ አገናኝቶ፣ ወጥቶ በሰላም የሚወርድ ትንሽ ሮኬት ሠራ። ሦስት ዓመት ቆይቶ የሶቪየቶች ስፑትኒክ ስትወጣ፣ ያገኙትን ኬሚካል ሁሉ በየጓሮው እየቀላቀሉ ጣታቸውን የሚያጡ የአሜሪካ ልጆች በዙ፤ ያኔ የጫማ ነጋዴው ሥራ ተፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ከርችት ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው ቨርን ኤስቲስ ዴንቨር ላይ ሞተሮቹን በየጥቂት ሴኮንዱ የሚጠቀጥቅ ማሽን ሠርቶ «ማቤል» ብሎ ሰየማት። ከጫማ ቤትና ከርችት ቤት ነው የመጣው እንግዲህ፤ ፈታሹ ይህን ቢያውቅ ቅር ባላለው።

ትልቁም ቢሆን አመጣጡ ከዚህ የተሻለ አይደለም። ሮበርት ጎዳርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሮኬት እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1926 ያስነሣው «አክስት» እያለ በሚጠራት ዘመዱ እርሻ ላይ ነበር። ሁለት ሴኮንድ ተኩል በረረ፤ 12 ሜትር ከፍ አለ፤ ጎመን ማሳ ውስጥ ወደቀ። ይህን ለአክስቴ ነግሬያት፣ «ጎመኑስ?» አለች። እሷ ጓሮ ያለው ጎደሬ ነው፤ የጎደሬው ቅጠል ሰፊ ስለሆነ አንድ ሮኬት ቢወድቅበት አይታይም ብዬ አጽናናኋት።

ሥራው የተጀመረው በክንፎቹ ነው። ባልሳ ይባላል እንጨቱ። አንድ ክንፍ ይዤ ሰፈራችን ያለ አናጢ ዘንድ ሄድኩ፤ ዕድሜውን ሙሉ ዋንዛና ቀረሮ ሲሰነጥቅ የኖረ ሰው ነው። መዳፉ ላይ ሳስቀምጥለት እጁ ሸክም ጠብቆ ኖሮ ሽቅብ ዘለለ። አሸተተው፤ በጥፍሩ ጫረው፤ ጥፍሩ ሰመጠ። «ይኼ እንጨት ሳይሆን ያሰበ ነገር ነው» አለ። እንጨት ለመሆን አስቦ የቀረ ማለቱ ነው። ቢሆንም የብርጭቆ ወረቀት አያያዝ ያስተማረኝ እሱ ነው። የእንጨቱን ጭረት በስቱኮ ሞልቶ፣ አድርቆ፣ በጣት ሳይሆን በጠፍጣፋ ነገር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ማሸት፤ ያልሆነ እንደሆነ ጣት የሄደበት ሁሉ ይጎደጉዳል። ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስት ጊዜ አሸሁት። አራተኛው ላይ አናጢው «ተወው፤ ያልቅብሃል» አለኝ።

እውነተኛው ሳተርን 5 ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም. አፖሎ 11ን ይዞ ሲነሣ ከ110 ሜትር በላይ ይቆም ነበር። የእኔው 1 ለ100 ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ያህል። በዚህ መጠን ጠፈርተኛው ጫፍ ለጫፍ ከተጋደሙ ሁለት ፍሬ ቡናዎች አይበልጥም። የታችኛው ክፍል የሚያነደው ተጣርቶ የጠራ ነጭ ጋዝ ነበር፤ እኔ በኩራዝ ያጠናሁበት የላምባ ዘመድ መሆኑ ነው። 770 ሺህ ሊትር ያህሉን በሁለት ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። እኛ ቤት አንድ ጠርሙስ ለሳምንት ነበር፤ በዚያውም ላይ «አጥፋው፣ ይበቃሃል» አለበት።

ቀለሙ ላይ ስደርስ ቴፒ ተቃወመች። ቴፒ ሞቃትና እርጥብ ናት፤ የሰቀሉት ሸሚዝ ሳይለበስ ይሻግታል። ማልጄ ተነሥቼ በጣሳ የሚረጨውን ነጭ ቀለም ነፋሁ፤ ሲደርቅ የሚያብረቀርቅ መሆኑ ቀርቶ ወተት ላይ እንደ ሰፈፈ አመድ ዳመነ። ጋራዥ የሚሠራ መኪና ቀቢ አየውና «እርጥበት በልቶታል» አለ። የቀለሙ ማቅጠኛ ቶሎ ሲተን ቆዳውን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው ቆዳ ከአየሩ ላይ ውሃ ይስባል፤ ውሃው ቀለሙ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል። መፍትሔውን ግን የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቡና አምራች ሽማግሌ።

«በስንት ሰዓት ቀባኸው?»

«አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ።»

«ጤዛው ሳይነሣ! ጤዛ ሳይነሣ ማን ቡና ያሰጣል?»

ከዚያ በኋላ ሮኬቱ የቡና ሥርዓት ገባ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት አልቀባም። ስቀባም ወስጄ እሳቸው የቡና ማድረቂያ አልጋ ጫፍ ላይ፣ ከጀንፈሉ ጎን አጋድመዋለሁ። ደመና ሲመጣ ላስቲኩ ቡናውንም ሳተርንንም አብሮ ይሸፍናል። ጋሼ ጀንፈሉን እፍኝ ዘግነው ጆሯቸው ጋ ያንኳኳሉ፤ ፍሬው ገለባው ውስጥ ከተንኳኳ ደርቋል ማለት ነው። አንድ ቀን ሮኬቱንም አንሥተው ሲያንኳኩት ደረስኩ። ክፋቱ ቡና ሁሌ ይገላበጣል፤ እሳቸውም ቡናውን ባገላበጡ ቁጥር ሮኬቴን ያገላብጡት ነበር። አውራ ጣታቸው ሁለተኛው ክፍል ላይ ታትሞ ደረቀ። የእውነተኛው ሳተርን ሁለተኛ ክፍል የተሠራው ካሊፎርኒያ ነው፤ ይኼኛውን ቴፒ ላይ ቡና አምራች ፈርመው ተረከቡት።

ጥቁሮቹ መደቦች ጌጥ እንዳይመስሏችሁ። ሮኬቱ ሲወጣ በራሱ ዙሪያ መሽከርከሩን ካሜራ እንዲለይ ነው ነጭና ጥቁር የሚሆነው፤ ልማዱ ከጀርመኖቹ ቪ-2 ሮኬት የመጣ ነው። ጽሑፉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በቀስታ እየተንሸራተተ የሚለጠፍ ስስ ወረቀት ነው። የአገሪቱ ስም ላይ ስደርስ የመጨረሻዋ ፊደል ውሃው ውስጥ ተጠቅልላ ቀረች፤ በእንግሊዝኛው የብዙ ቁጥር ምልክት የነበረችው። በእኔ እጅ አሜሪካ ከብዙ ግዛቶች ወደ አንድ ግዛት ወረደች። ወንድሜ በፎቶ አይቶ «ይኼን እዚህ ለማንም እንዳታሳይ» አለኝ።

ሮኬት ወደ አገራችን የገባበትን ነገር ያነሣችው አክስቴ ናት፤ እሷ ግን እንዳነሣችው አታውቅም። «የመቅደላው መድፍ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ይጮኻል» አለችኝ። የዐፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ መቅደላ ሲባል ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ግርጌ አሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከመድፉ ጋር ሮኬት ተኩሷል። ተኳሾቹ ባሕረኞች ነበሩ፤ ማስወንጨፊያ ቱቦዎቻቸውን በበቅሎ ጭነው ከቀይ ባሕር ተራራ የወጡ። የቴዎድሮስ የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬ የወደቁት በዚያ ውጊያ ነው። እንግሊዞቹም ነገሩን ከቤታቸው አላመጡትም፤ ሕንድ ውስጥ ማይሶር ላይ የቀርከሃ ዘንግ በታሰረበት የብረት ሮኬት ተመትተው ነው የተማሩት። ኮንግሪቭ የሚባለው ዘንጉን ሳይተው ቀዳው። ሄል የሚባለው ዘንጉን ጥሎ ጭሱ ራሱ ሮኬቱን እንዲያሾረው አደረገ። ወደ መቅደላ የመጣው የሚሾረው ነው። ቀርከሃማ የማሻ ደጋ ላይ ሞልቶን ነበር፤ ዘንጉን ያሰረለት ጠፋ እንጂ።

የሚሾር ስል አክስቴ እጅ ላይ ያለውን እንዝርት አየሁ። «ሮኬት» የሚለው ቃል ከጣልያንኛ ነው የመጣው፤ ክር የሚጠመጠምበት ትንሽ እንጨት ማለት ነበር፤ ቅርጹን አይተው ነው ያወጡለት። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታሾር የኖረችው የሮኬትን አያት ነው። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። «መንኮራኩር» በግዕዝ ጎማ ነው፣ ተሽከርካሪ፤ ነቢዩ ሕዝቅኤል ያየው። «ጠፈር» ጣሪያ ነው። ሮኬት «ተወነጨፈ» ስንል የምንጠራው ወንጭፍን ነው። አስቡት እንግዲህ፣ የጠፈር መንኮራኩር ተወነጨፈ ስንል የጣሪያው ጎማ በወንጭፍ ተወረወረ እያልን ነው። ነገሩ ሳይመጣ ስሙ ቤታችን ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ከማሳና ከቤተ ክርስቲያን የተውጣጣ።

የእኛዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ስትመጥቅ ሰው እንጦጦ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተሰብስቦ ነበር። የተነሣችው ግን ከቻይና፣ ከታይዩዋን ነው፤ 70 ኪሎ አካባቢ የምትመዝን ናት። በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ላይ ዋናው መንገደኛ የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት ነበር፤ የእኛዋ በጎን ተደርባ ነው የሄደችው። ሰው ይህን ልብ አላለውም፤ ቴፒ ላይ ግን ብራዚል ሲባል ጆሮ ይቆማል። ቡናችንን ወስዳ በምርት አንደኛ የሆነችብን አገር፣ ሽቅብ ስትወጣ ሊፍት ሰጠችን። ለጋሼ ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ይገባታል» አሉ፤ ሊፍቱን ይሁን ውለታውን አልጠየቅኳቸውም።

ሮኬቱ አልቆ ቡፌው ላይ ቆመ፤ በስተግራው ረከቦት፣ በስተቀኙ የወንድሜ የምረቃ ፎቶ። ቡና የሚጠጣ ሁሉ «መቼ ነው የሚነሣው?» ይላል። አይነሣም ስል «ታዲያ ለምን ሠራኸው?» የሚለው ይከተላል። አክስቴ አንዴ «ቴሌቪዥኑስ ይነሣል?» ብላ መለሰችልኝ፤ ከዚያ ወዲህ እሱኑ እየደገምኩ አለሁ።

ሮኬቱ የማይነሣ ከሆነ ጃንጥላውም አያስፈልግም ብሎ ያሰበው የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው፤ ለኬላው ፈታሽ የጠራሁት ልጅ። ትምህርት በሌለበት ቀን በቆሎ ማሳው ውስጥ ማማ ላይ ተቀምጦ ጦጣ ይጠብቃል። ከሾጣጣው ሥር መዝዞ ወሰደውና ከማማው በላይ በእንጨት ሰቀለው። ብርቱካንና ነጭ ነው፤ ንፋስ ሲሞላው ይንጣጣል። የመጀመሪያው ቀን ጦጣዎቹ ጫካው ጫፍ ላይ ተደርድረው ሲያዩት ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ግማሽ መንገድ መጡ። በሦስተኛው ቀን አንዷ ማማው ላይ ወጥታ ክሩን በጥርሷ ስትፈትሽ ልጁ ደረሰ፤ ጃንጥላውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወንጭፉን አወጣ።