በለንደን ሙዚየም ጓዳ ውስጥ



ለንደንን አይቶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ስለ ድልድዮቿና ስለ ታላላቅ ሕንፃዎቿ ያወራል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ አንድ ጓዳ ነው። በጓዳው ውስጥ የተቀመጠው ወርቅ ወይም የነገሥታት ዘውድ አይደለም፤ በወረቀት ላይ የደረቀ ዋቅላሚ ነው። ዋቅላሚን ብዙዎቻችን «አልጌ» በሚለው ስሙ እናውቀዋለን። በቆመ ውሃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፈው፣ በእርጥብ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ እግር የሚያንሸራትተው፣ በባሕር ዳርቻም እንደ ቅጠልና እንደ ጠፍር ሆኖ የሚበቅለው ሁሉ የዚሁ ወገን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታላቅ እህቴን ልጠይቅ ወደ ለንደን ሄድኩ። ገና ሻንጣዬን በወጉ ሳላስቀምጥ እህቴ ወደ ማድቤት ጠራችኝና፣ «ወንድሜ፣ ይህን ልጅ ምከርልኝ። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ይሆንልኛል ስል፣ የባሕር አረንጓዴ ነገር አጠናለሁ፣ ሙዚየም እቀጠራለሁ ይለኛል። አባቱም አዝኗል። አንተ መምህር ስለሆንክ ይሰማሃል» አለችኝ። እውነቱን ልናገርና እኔም ከእርሷ ጋር ነበርኩ። ትዳር የማያቆም ሙያ መስሎኝ ነበር። ልጁን ሳነጋግረው ግን አልተከራከረኝም። «አጎቴ፣ መጀመሪያ አብረን ሄደን ይዩት፤ ከዚያ የፈለጉትን ይምከሩኝ» አለ። አነጋገሩ ደስ አለኝና ተስማማሁ።

የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ የሚገኘው ሳውዝ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር ነው። ከምድር በታች ከሚሄደው ባቡር ወርደን በረጅም መተላለፊያ ስንወጣ ቤተ መንግሥት የሚመስል ሕንፃ ከፊታችን ተደቀነ። ንድፉን ያወጣው አልፍሬድ ዋተርሃውስ ሲሆን፣ ሕንፃው ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ግድግዳውን የሸፈነው የተተኮሰ ሸክላ ነው፤ በሸክላውም ላይ በአንደኛው ክንፍ ዛሬ በሕይወት ያሉ፣ በሌላው ክንፍ ከምድር የጠፉ እንስሳት ተቀርጸዋል። በታላቁ አዳራሽ ጣሪያ ሥር 25 ሜትር የሚረዝም የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አፅም ተንጠልጥሏል። ዓሣ ነባሪዋ በ1891 በአየርላንድ ዳርቻ የተገኘች ስትሆን፣ አሁን ባለችበት ስፍራ የተሰቀለችው በ2017 ነው። ሕፃናት ከሥሯ ቆመው አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል፤ እኔም ከእነርሱ ብዙ አልተለየሁም።

ይሁን እንጂ ጎብኚ የሚያየው ከሀብቱ ጥቂቱን ነው። ሙዚየሙ 80 ሚሊዮን ያህል ናሙና ያለው ሲሆን፣ አብዛኛው የሚቀመጠው ከበስተጀርባ ነው። ልጁ አስቀድሞ ጽፎ ቀጠሮ ይዞ ስለነበር፣ የዋቅላሚው ስብስብ ኃላፊ የሆኑ በዕድሜ ጠና ያሉ ባለሙያ መጥተው በአንዲት ትንሽ በር አስገቡን።

ክፍሉ ጸጥ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ነው። የብረት ቁምሳጥኖች ተደርድረዋል። ባለሙያዋ ከአንዱ ማኅደር አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ገለጡልን። እንደ ሐር ክር የቀጠኑ ቀያይ ቅርንጫፎች በነጭ ወረቀት ላይ ተዘርግተዋል። «ማን ነው የሳለው?» ብዬ ጠየቅሁ። ፈገግ ብለው፣ «ሥዕል አይደለም፤ ራሱ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» አሉኝ።

አዘገጃጀቱንም አስረዱን። የባሕሩ ዋቅላሚ ውሃ ባለበት ሰፊ ሳህን ውስጥ ይንሳፈፋል። ከሥሩ ወፍራም ወረቀት ይገባና ቅርንጫፎቹ በቀጭን ብሩሽ ይዘረጋሉ፤ ከዚያም ወረቀቱ ቀስ ተብሎ ይወጣል። በላዩ ስስ ጨርቅ፣ ከላይና ከታች ውሃ የሚመጥ ወረቀት ይደረግና ክብደት ይጫንበታል። የሚመጠው ወረቀት እስኪደርቅ ድረስ በየጊዜው ይለወጣል። ብዙዎቹ ሙጫ አያስፈልጋቸውም፤ በራሳቸው ዝልግልግ ፈሳሽ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃሉ። እንደ ድንጋይ የጠነከሩት ደግሞ በሳጥን፣ በዓይን የማይታዩት በመስተዋት ላይ ሆነው ይቀመጣሉ።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ በወረቀቱ ጥግ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ናት። ማን ሰበሰበው፣ ከየትኛው ዳርቻ፣ በየትኛው ቀን፣ ማንስ ስሙን ለየ የሚለው ሁሉ ተጽፏል። ባለሙያዋ፣ «ይህች ጽሑፍ ከጠፋች ናሙናው ቆንጆ ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው» አሉን። ይህን ስሰማ መድረሳ ስንቀራ ኡስታዛችን ስለ ሐዲሥ ሰነድ የነገሩን ትዝ አለኝ። ንግግሩ ያማረ ስለሆነ ብቻ አይያዝም፤ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ መታወቅ አለበት። ልጁን ዞር ብዬ ሳየው እርሱም ወደ እኔ ይመለከት ነበር።

የኃላፊዋ ሥራ በር ቆልፎ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ። አዲስ የገባ ናሙና ተባይ ይዞ እንዳይመጣ ለቀናት በከባድ ቅዝቃዜ ይቆያል። ጥንት ተባይ እንዳይበላቸው በመርዛማ የሜርኩሪ ውህድ የታከሙ ስላሉ የቆዩት በጥንቃቄ ይነካሉ። ከሌላ አገር ተመራማሪ ሲጠይቅ ናሙና በውሰት ይላካል፤ ሲመለስም ይመረመራል። ስሙ የተለወጠው ይታረማል፤ ፎቶግራፍ ይነሳል፤ በኮምፒዩተር ይመዘገባል። ከደረቀ ብዙ ዘመን የሆነው ቅጠል እንኳ ዛሬ ለዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይውላል።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለሰው ልጅ ምን ይረባል?» ብዬ በእህቴ ምትክ ጠየቅሁ። ባለሙያዋ የመለሱልኝ በአንዲት ሴት ታሪክ ነው።

ጃፓናውያን ኖሪ እያሉ ከሩዝ ጋር የሚበሉት ፖርፊራ የሚባል የባሕር ዋቅላሚ አለ። በብርድ ወራት ይበቅላል፤ ሙቀት ሲመጣ ይጠፋል። ዘሩ በሙቀት ወራት የት እንደሚገባ ገበሬዎቹ ስለማያውቁ ምርታቸው በዕድል ላይ የቆመ ነበር። በሌላ በኩል በ1892 ባተርስ የተባለ እንግሊዛዊ በባሕር ዛጎል ውስጥ ሰርስሮ ለሚኖር ደቃቅ ሮዝማ ዋቅላሚ ለብቻው ስም አውጥቶለት ነበር። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ካትሊን ድሩ-ቤከር የተባለች በማንቸስተር የምትሠራ ሊቅ በቤተ ሙከራዋ ስትከታተል ቆይታ፣ በ1949 ሁለቱ አንድ ፍጥረት መሆናቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አስታወቀች። በዛጎል ውስጥ ያለው የፖርፊራ የሙቀት ወራት ኑሮ ነበር። ጃፓናውያን ይህን ሲሰሙ ዘሩን በዛጎል ላይ ማሳደግ ጀመሩ፤ ኖሪም እንደ ማንኛውም አዝመራ የሚዘራና የሚታጨድ ሆነ።

ይህች ሴት ስታገባ፣ ባለትዳር ሴት አይቀጠርም በሚለው የዘመኑ ደንብ የመምህርነት ሥራዋን አጥታ ነበር። ጃፓንን ሳታይ በ1957 ሞተች። በ1963 በኡቶ ከተማ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ስፍራ መታሰቢያ ቆመላት፤ በየዓመቱም ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ትታሰባለች።

ሌላው ጥቅም ደግሞ እህቴ ማድቤት ድረስ የሚገባ ነው። በውጭ አገር የሚኖሩ ሙስሊም ወላጆች ለልጆቻቸው ጣፋጭ ሲገዙ የእሽጉን ጽሑፍ ማንበብ ልማዳቸው ነው፤ ምክንያቱም ጄላቲን ከአሳማ ወይም በሸሪዓ ካልታረደ ከብት ሊሠራ ይችላል። በጄላቲን ፋንታ ከሚገቡት መካከል አጋር፣ በቁጥሩ ኢ 406፣ እና ካራጂናን፣ በቁጥሩ ኢ 407፣ የሚወጡት ከቀያዮቹ የባሕር ዋቅላሚዎች ነው። የቀረውን የእሽጉን ዝርዝር ማንበብ ግን ግድ ነው። አጋር በሆስፒታል ቤተ ሙከራም ተሕዋስያንን ለማሳደግ ያገለግላል። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ይመጣ የነበረው ሲቋረጥ፣ እንግሊዞች በራሳቸው ዳርቻ አጋር የሚሆን ዋቅላሚ የት እንዳለ መፈለግ ግድ ሆኖባቸው ነበር። የትኛው ዝርያ የት እንደሚበቅል የሚያውቅ ሰው ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

በመጨረሻ ልጁ ስለ ሥራው ዕድል ጠየቀ። ባለሙያዋ አላሞካሹለትም። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ከዲግሪ በላይ ትምህርትና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሀብታም አያደርግም አሉት። ልጁ ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈ።

ማታ እህቴና ባለቤቷ ሻይ አፍልተው ይጠብቁን ነበር። ያየሁትን ሁሉ፣ የባለሙያዋን ማስጠንቀቂያም ሳላስቀር ነገርኳቸው። «ምከሩት ብላችሁኝ ነበር፤ ተመክሬ የመጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። አማቼ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ልጁን፣ «ሥራ ባታገኝስ?» አለው። ልጁም፣ «አባዬ፣ የማስተማሪያ ሰርተፊኬት አብሬ እይዛለሁ» አለ። «እንግዲያው ኢስቲኻራ ስገድበትና ጀምር» አለው። እህቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ ልቧ አልረጋም፤ የእናት ነገር ነው።

ውድ አንባብያን፣ ወደ አገሬ ስመለስ በሐሳቤ የነበረው የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው ደቃቅ ዋቅላሚ ቀለም ነው። ይኸው ዓይነት በሻላ አጠገብ ባለው በጪቱ ሐይቅም ይታወቃል፤ የፍላሚንጎ ወፎች ይመገቡታል፤ በቻድ ደግሞ ሴቶች ከሐይቅ ቀድተው፣ አድርቀው ለምግብ ይሸጡታል። አቢያታ ሐይቅ ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ሸሽቷል። ቀድሞ በውሃው ምን ይኖር እንደነበር ሊመሰክር የሚችለው በወቅቱ የተወሰደና የተጻፈበት ናሙና ብቻ ነው።

እኛም ብንሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ማኅደር እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሥርቷል። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩት 8 ጥራዞችም በ1980 ተጀምረው በ2009 ተጠናቀዋል። እነዚህ ግን አበባ የሚያወጡትን፣ የፈርንንና የጥድን ወገኖች የሚመለከቱ ናቸው፤ ዋቅላሚዎቻችን ዝርዝራቸውን የሚጽፍ ሰው ይጠብቃሉ።

እኔ አሁን በክፍሌ አንድ ልማድ ጀምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ከደጃቸው አንዳንድ ቅጠል ያመጣሉ፤ በአሮጌ ጋዜጣ መካከል እናደርቀዋለን፤ ከሥሩ ስሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑንና የሰብሳቢውን ስም ይጽፋሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቀኑን ሳትጽፍ አመጣች። ጓደኞቿ ከእኔ ቀድመው «ሰነዱ ጎደለ!» አሏት። ሄዳ ጽፋ መጣች።