ልጅ የወለደ ሁሉ ከፍሏል

እድር ያለ መዝገብ አይሆንም። መዝገቡ ደግሞ አንድ አይደለም፤ የአባላቱ ለብቻ፣ የቤተሰቡ ለብቻ፣ የመዋጮው ለብቻ። ጸሐፊው ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ ጣታቸውን ከአንዱ ወደ አንዱ እያሻገሩ «ያረፉት የእገሌ አማት ናቸው፣ እገሌ ደግሞ ከፍሏል» ይላሉ። ኤድጋር ኮድ የሚባል የአይቢኤም ሰው እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ተዛማጅ ሠንጠረዦች የጻፈው ነገር በመሠረቱ ይኸው የጸሐፊው ጣት ነው። (ይህን ለጸሐፊያችን ብነግራቸው «እንግዲያው አበል ይጨመርልኝ» ማለታቸው አይቀርም።)

የአዳማው ሰፈራችን እድርም ኮምፒዩተር ገብቶለታል። ሥራው የአንድ ልጅ ነው፤ የተሠራው በጃንጎ። ጃንጎ፣ ለማታውቁት፣ በፓይተን ቋንቋ ድረ ገጽ መሥሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ስሙንም ያገኘው ከጊታር ተጫዋቹ ጃንጎ ራይንሃርት ነው። ደስ የሚለው፣ ከሠንጠረዥ ወደ ሠንጠረዥ ለመሻገር ሁለት የግርጌ ሰረዝ ብቻ ይበቃዋል፦ አባል፣ ሁለት ሰረዝ፣ ከተማ፣ ሁለት ሰረዝ፣ ስም። የማይደክም ጣት በሉት።

ታዲያ በዓመቱ መጨረሻ የባለዕዳዎች ዝርዝር ታትሞ ወጣ። ከ200 ገደማ አባላት ውዝፍ የተገኘባቸው አንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ብቻ! የአንድ ወር፣ 50 ብር። ስማቸው በጉባኤ ፊት ተነበበ። በእድር ጉባኤ ስም መነበብ ከ50 ብር በላይ እንደሚያስከፍል የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «እሺ፣ ይሁን» ብቻ አሉ። እኔን ያላስቀመጠኝ ግን ከፊት ወንበር ሆኖ ራሱን የሚነቀንቀው ጎረቤታችን ነው፤ ግማሽ ዓመት እንዳልከፈለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

ኮዱን ተቀብዬ ከፈትኩት። አንዱ መስመር ላይ ሁለት ጥያቄ ባንድ ላይ ተጠይቋል፦ እያንዳንዱ አባል ስንት ብር ከፈለ? ስንት ቤተሰብስ አለው? ጃንጎ እንዲህ ሲባል መዋጮውንም ቤተሰቡንም ከአባሉ ጋር አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። ጎረቤታችን የከፈለው 6 ጊዜ ነው፤ ያስመዘገበው ቤተሰብ 4። እያንዳንዱ ክፍያ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር ሲጣመር 24 ረድፍ ይወጣል። 300 ብሩ 1200 ሆኖ ተደመረ። የዓመቱ መዋጮ 600 ነውና ሰውዬው ጭራሽ የእድሩ አበዳሪ ሆነው! እናታችን ግን የሚባዙበት ቤተሰብ የላቸውም፤ 11 ክፍያቸው 11 ሆኖ ቀረ።

ይህ የተደበቀ ነገር አይደለም፤ የጃንጎ መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል። «ድግግሞሹን አስወግድ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ቤተሰብ ለመቁጠር ይሠራል። ብር ለመደመር ከተጠቀማችሁበት ግን ጉድ ነው፤ «ሁሉም 50 ብር ስለሆነ አንድ ነው» ብሎ ስድስቱንም ክፍያ 50 ብር ያደርጋቸዋል። መፍትሔው ብሩን በራሱ ንዑስ ጥያቄ ደምሮ፣ ውጤቱን ብቻ ከአባሉ ጎን ማስቀመጥ ነው። ጸሐፊያችን ድሮም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

በዚያው የከተሞቹንም ጣጣ ነካካሁት። ለቅሶ ሲኖር አውቶቡስ የት እንደሚሄድ መታወቅ አለበት፤ መዝገቡ ግን አንዱን ከተማ ለሁለት ከፍሎታል፦ ናዝሬት እና አዳማ፣ ደብረ ዘይት እና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ እና ባቱ። አዳማ የሚለው ስም በይፋ ከተመለሰ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰው ግን የለመደውን ይጽፋል፣ ይጻፍ። ለከተማው አንድ ቁጥር ሰጥቼ ስሞቹን በሌላ ሠንጠረዥ አኖርኳቸው፤ በየትኛውም ስም ብትጠሩት እዚያው ያደርሳችኋል።

አዲሱ የባለዕዳ ዝርዝር ሁለት ገጽ ወጣው። ጸሐፊያችን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ አነበቡና ሁለተኛው ገጽ መሀል ላይ ቆሙ፤ የዳኛው ስም አለበት። «ይሄም በጉባኤ ይነበባል?» አሉኝ። የእናታችን ተነቧል አይደል፣ አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ጉባኤው የፊታችን እሑድ ነው።