የጣልያኑ ባርኔጣ

ልጄ ከትምህርት ቤት አኩርፎ ገባ። ለየካቲት 23 በሚያሳዩት ድራማ ላይ የደረሰው የጣልያን ወታደር ሆኖ መሞት ነው። «ሁሉም ጎፈር ሲያደርጉ እኔ ብቻ!» ብሎ ቦርሳውን ወረወረ። እውነቱን ለመናገር እኔንም ቅር ብሎኛል። ጣልያን የሌለበት ዓድዋ የለም ብለው አልተዋጠለትም። እንግዲያው ባርኔጣው ይመር አልኩ።

በ1888 ዓ.ም. የመጣው የጣልያን ወታደር ያደረገው ከቡሽ ተሠርቶ ጨርቅ የለበሰ የፀሐይ ባርኔጣ ነበር። ቡሽ ከየት ይምጣ? ፊኛ፣ አሮጌ ጋዜጣና ዱቄት አለን።

ጭንቅላቱን ስለካው 53 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ፊኛውን ልክ እዚያ ድረስ ነፋሁት፤ ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱን እንደ አጥሚት አፍልተን ጋዜጣውን በጣት ስፋት እየቀደድን ለጠፍን (መቀስ አይሆንም፤ የተቀደደ ጠርዝ ነው የሚያያዘው)። ቸኩለን በአንድ ማታ አራት ጊዜ ደረብን። የሌሊቱ ብርድ ፊኛውን አኮማትሮት ጠዋት የተጨማደደ ሎሚ መስሎ ጠበቀን። ሁለተኛው በደንብ ደረቀ፤ ውስጡን ስፖንጅ ስናለብሰው ግን አናቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ አልገባም። ሦስተኛውን 58 አድርገን ነፋን፤ በቀን ሁለት ንብርብር ብቻ፣ ፀሐይ ላይ። ዙሪያውን የሚያጠላውን ክፈፍ ከካርቶን ቆረጥን፤ ማሰሪያው ከአሮጌ ቦርሳ ማንገቻ መጣ።

እስኪደርቅ የዓድዋን ሥዕል ስናይ ቀይ ቆብ ያደረጉትን ጥቁር ወታደሮች አሳየኝ። «እነዚህስ ከማን ጋር ናቸው?»

አስካሪዎች ናቸው አልኩት፤ ጣልያን ከኤርትራ የመለመላቸው። ግማሹን ነገርኩት፣ ግማሹን ዋጥኩት። የተማረኩት ጣልያኖች በጥቅምት 1889 ስምምነት ከተፈረመ በኋላ አገራቸው ገቡ። ከተማረኩት አስካሪዎች ግን የብዙዎቹ ቀኝ እጅና ግራ እግር ተቆረጠ። በዓድዋ የምኮራ ሰው ነኝ፤ ይህን ክፍል እየዘለሉ ማክበር ግን አይዋጥልኝም፤ በተለይ ከሰሞኑ ጦርነቶቻችን በኋላ። መምህሯን ድራማው ውስጥ አስካሪ ለምን እንደሌለ ጠየቅኋት። «ለልጆች ይከብዳል» አለችኝ። መልስ አጣሁ፤ እኔም ግማሹን ውጬ ነው የመጣሁት።

በዕለቱ ልጄ ገና በመጀመሪያው ጩኸት ወደቀ። ባርኔጣው ተንከባለለ፣ አልተሰበረም። ድራማው ሲያልቅ ጎፈር ያደረገው ጓደኛው አንስቶ አገላበጠውና፣

«እንቀያየር?» አለው።