የኋላ ወንበሯ ልጅ ጥያቄ

በጅቡቲ ከተማ የቀትር በኋላውን ሰዓት የኖረበት ሁሉ ያውቀዋል። ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ጫቱ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ማንም ማንንም አይፈልግም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. እኅታቸውን ለመጠየቅ ለአንድ ሳምንት ብቻ ከድሬዳዋ የመጡት የኮሌጅ መምህር ይህን ሰዓት ከአየር ማራገቢያ ሥር ተቀምጠው ማሳለፍ ልማዳቸው ሆነ። ኮሮና ገብቶ መንገዱ ተዘግቶባቸው ነበር፤ በኢትዮጵያም በዚያው ወር ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎቻቸው ወደየአገራቸው ተበትነዋል።

መምህሩ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ያስተምራሉ። ኮርሱን ሳይጨርሱ መምጣታቸው ስለ ከነከናቸው፣ ለውጤት የማይቆጠር ቢሆንም ተማሪዎቹ የተማሩትን እንዳይዘነጉ በማለት በቴሌግራም አንድ የክፍል ቡድን ከፈቱ። ድምፃቸውን እየቀዱ፣ ማስታወሻ እየላኩ ሁለት ሳምንት ያህል አስተማሩ። ከወዲያ በኩል ግን «እናመሰግናለን ቲቸር» ከምትለው በቀር የሚመለስ ቃል አልነበረም።

ይህ ዝምታ ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ ገና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሳሉ፣ በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ክፍላቸው ገብቶ ነበር። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነበር። ፕላዝማው ይናገራል፣ «አሁን መልመጃውን ሥሩ» ይላል፣ ግማሹ ተማሪ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መምህሩ ከጎኑ ቆመው ከማብራትና ከማጥፋት ያለፈ ድርሻ አልነበራቸውም። ኋላም ወደ ኮሌጅ ሲዛወሩ ሙድል የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚታደለውን የትምህርት ማስተዳደሪያ ሥርዓት አገኙ። መወያያው፣ መጠይቁ፣ የቤት ሥራ መቀበያው ሁሉ የተሟላ ነበር፤ ሆኖም እሳቸውም ባልደረቦቻቸውም የማስታወሻ መጋዘን አድርገው ተጠቀሙበት። እውነቱን ለመናገር፣ ፕላዝማውን ሲያሙ የኖሩት መምህር በጅቡቲ የስልክ ፕላዝማ ከፍተው ተቀምጠው ነበር።

ነገሩን የለወጠችው ከኋላ ወንበር የማትነሣ አንዲት ልጅ ናት። በክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ አልተሰማም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ቢባልም፣ አርባ ሰው ፊት ተነሥቶ «አልገባኝም» ማለት ለአንዳንዱ ከፈተና መውደቅ ይከብዳል። አንድ ሌሊት ለብቻቸው ጻፈችላቸው፦ «ቲቸር፣ በሌሊት ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ። የእርጅና ቅናሽ ወጪ ነው ብለውናል። ከካዝናው ገንዘብ ካልወጣ ግን እንዴት ወጪ ይባላል?»

መምህሩ ከመጽሐፉ ትርጓሜ ሊገለብጡላት ጀምረው ተዉት። ወንድሟ ባጃጅ እንደሚነዳ ያውቁ ስለ ነበር በዚያው መለሱላት፦ «ባጃጇ ስትገዛ ገንዘቡ በአንድ ቀን ወጣ። እሷ ግን የምታልቀው በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ነው። የዓመቱን ማለቅ ከዓመቱ ገቢ ላይ ካልቀነሳችሁ፣ ያላተረፋችሁትን አተረፍን ትላላችሁ።»

በማግሥቱ በጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በፈረንሳይኛ የሚማረው የእኅታቸው ልጅ በቴሌግራም የድምፅ መስጫ እንዴት እንደሚዘጋጅ አሳያቸው። የልጅቱን ጥያቄ ስሟን ሳይጠቅሱ፣ ማን ምን እንደ መለሰ በማያሳውቅ መልኩ ለቡድኑ አቀረቡት፦ ገንዘብ ሳይወጣ ወጪ ሊመዘገብ ይችላል ወይስ አይችልም? ከግማሽ የሚበልጡት «አይችልም» አሉ። እነዚህ በዚሁ ርእስ ፈተና ወስደው ያለፉ ተማሪዎች ናቸው!

በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የደረሱበት ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቀመር ጠንቅቀው ፈተና የሚያልፉ ተማሪዎቻቸው መሠረታዊውን ሐሳብ አለመጨበጣቸውን ሲያዩ፣ ንግግራቸውን እያቋረጡ ጥያቄ ማቅረብ ጀመሩ። ተማሪው መልሱን ይሰጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያም እንደገና ይመልሳል። መምህሩም ይህንኑ ሞከሩ። መልሱን ሳይነግሩ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲወያዩ አዘዙና ማታ ድምፅ መስጫውን መልሰው ከፈቱ። ያን ዕለት ቡድኑ እንደ ገበያ ቀን ጫጫታ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከማስታወሻው ቀድሞ መላክ ጀመረ፤ ማስታወሻውም በተሳሳቱት ነገር ላይ ተመሥርቶ ይጻፍ ነበር።

ሥራው ግን ቀላል አልሆነም። ማስታወሻ አንዴ ይላካል፤ አርባ ሰው የሚጠይቀውን መመለስ ሌሊት ይወስዳል፣ ካርድም ይጨርሳል። «ጋሼ፣ ደመወዝ የሌለውን ሥራ በእኔ ካርድ ይሠሩታል?» ትላለች እኅታቸው፣ ቀልድ ይሁን ምሬት ሳይለይ።

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋረጠ። መምህሩ የላኩት ጥያቄ ሥር ያለችው አንዲት የመላኪያ ምልክት ሁለት ሳትሆን ቀረች። ኢሲ፣ ሲ-ሚ-ዊ 5 እና ኤኤኢ-1 የተባሉት የባሕር ሥር ኬብሎች የሚያርፉት እሳቸው በተቀመጡበት ከተማ ዳርቻ ነው፤ ጅቡቲም የኢትዮጵያ ኢንተርኔት ከሚገባባቸው በሮች አንዷ ናት። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጅቡቲ አብዛኛውን የኤሌክትሪክ ኃይሏን የምታገኘው ከኢትዮጵያ ነው። ከላያቸው የሚሽከረከረው ማራገቢያ ከአገር ቤት በመጣው ኃይል ይሠራል፤ ከዚህ ወደዚያ የሚሄደው ቃል ግን ቆሟል። በየማታው ስልካቸውን ከፍተው ያቺን አንድ ምልክት አይተው ይዘጉ ነበር።

ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ። በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ምልክቷ ሁለት ሆነች፤ ወዲያውም መልእክቱ ይወርድ ጀመር። ከመካከሉ የደብተር ገጽ ፎቶግራፍ ነበር። የኋላ ወንበሯ ልጅ መስመሩ በጠፋባት ጊዜ ሁሉ ጥያቄዋን ከነቀኑ ስትጽፍ ቆይታለች፤ ሰባት ናቸው። ሰባተኛው፦ «ባጃጇ ሳታልቅ ብትሰረቅስ፣ የቀረው ዋጋ የት ይመዘገባል?» ይላል።

መምህሩ ጥያቄውን ለቡድኑ ላኩትና መልሱን ለማየት እስከ ማታ ጠበቁ።