ለእጅ የሚስማማ መሣሪያ ስለ መምረጥ

ሰው ለራሱ ጫማ ሲገዛ እግሩን ይዞ ወደ ገበያ ይሄዳል። ለእጁ የሚሆነውን መሣሪያ ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ እጁን ረስቶ በዓይኑና በኪሱ ብቻ ይመርጣል። እኔም በዚህ ስሕተት የወደቅሁ ስለ ሆነ፥ ሌላው ቤተ ሰብ እንዲጠነቀቅበት ያገኘኝን ነገር እጽፋለሁ።

በጎንደር ከተማ በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በልጅነቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ ጽሕፈት የሚማሩት ታላላቆቻችን መቃ ቆርጠው ብርዕ ሲያበጁ አይ ነበር። አንዱ ሰፋ አድርጎ፥ አንዱ አቅጥኖ እንደ እጁ ጠባይ ይቀርጸዋል እንጂ፥ የባልንጀራውን ብርዕ የሚመኝ አልነበረም። ከዚያ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ በጽሕፈት መኪና መጻፍ ስማር፥ መኪናው ለሁሉ አንድ ነበረና ጣታችን ለመኪናው ተገዛ። ዛሬ በመሥሪያ ቤቴም በቤቴም የምጽፈው በላፕቶፕ ኮምፒውተር ነው።

ላፕቶፕ በፊቱ ላይ ጣት የሚዳስሰው ትንሽ ሰሌዳ አለው። ይህ ለአጭር ሥራ ይበቃል። ረጅም ጽሑፍ የሚያርም ሰው ግን ቃል ሲመርጥ፥ መስመር ሲያነሣ፥ ገጽ ሲያወርድ የእጁ አንጓ ይደክማል። ስለዚህ ለቤታችን ገመድ አልባ ማውስ ለመግዛት ቆረጥሁ። ባለቤቴም የስሙን ትርጉም በነገርኋት ጊዜ፥ «በጓዳችን ያሉት አይጦች አንሰው ነውን፥ ደግሞ በገንዘብ የምትገዛው?» ብላ ሳቀች።

መሣሪያውን በአሜሪካ አገር ዳግላስ ኤንግልባርት የሚባል ሰው ዐስቦት፥ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ሠራው፤ ልባሱም እንጨት ነበረ። በ1968 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በብዙ ሰው ፊት ታየ። ገመዱ ጭራ ስለሚመስል አይጥ ተባለ ይላሉ። የዛሬዋ ግን ጭራዋን ጥላ በራዲዮ ሞገድ ትሠራለች።

ወደ ፒያሳ ወርጄ ባለ ሱቁ ካቀረበልኝ መካከል ትልቋን፥ በጎኗ ለአውራ ጣት ማረፊያ የተቀረጸላትን አነሣሁ። በመዳፌ ልክ ሆነችልኝ፤ ለቤቱ ሁሉ ትሁን ብዬ ገዛኋት።

ሴት ልጄ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምትጽፈውም በግራ እጇ ነው። ማውሷን በግራዋ ብትይዝ ማረፊያው ከአውራ ጣቷ ተቃራኒ ሆነባት። እኔም፥ «በቀኝሽ ልመጂ፤ ሰው ሁሉ የሚሠራው በቀኙ ነው» አልኋት። እርሷም ሳትመልስልኝ ታዘዘች። ጥቂት ቀን ቆይቼ ባይ ላፕቶፑ ተከድኖ ተቀምጧል፤ ልጅቱም የትምህርት ቤት ሥራዋን በደብተር ትጽፋለች። ምክንያቱን ብጠይቃት፥ «አባዬ፥ በእርሷ ስሠራ እጄ የሰው ጫማ ያጠለቀ ይመስለኛል» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በልጅነቴ አብሮኝ ይማር የነበረ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። በግራው ሲጽፍ በተገኘ ጊዜ ያን እጁን ከመቀነቱ ጋራ አስረውት ይውል ነበር። እኛም እንስቅበት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ። እኔም ዛሬ ገመድ በሌለው ዕቃ የልጄን እጅ አስሬ ኖሯል።

በአገራችን ግራኝ የሚለው ቃል በልጅ ላይ ሲወድቅ ይከብዳል። በ1543 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር በወይና ደጋ የሞተውን ኢማም አሕመድን ሰው በዚህ ስም ያስታውሰዋልና፥ የመንደር ልጆች ቃሉን ለስድብ ያደርጉታል። ነገር ግን ግራኝነት አፈጣጠር እንጂ ጥፋት አይደለም፤ ከዐሥር ሰው አንዱ ያህል እንዲህ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 3 የተጻፈው ናዖድም ግራኝ ሆኖ ሳለ ሕዝቡን ያዳነ ነው።

በማግሥቱ ልጄን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስሁ። መጀመሪያ ቅርጹን አየን። ግራና ቀኟ እኩል የሆነች ማውስ ለሁለቱም እጅ ትሆናለች። መዳፍ ሲያርፍባት ጣቶች ሳይንጠራሩ ከቁልፎቿ መድረስ አለባቸውና፥ ለልጅ ትንሿ ትሻላለች። የሁለቱንም ቁልፎች ሥራ በኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ መለዋወጥ ይቻላል።

ቀጥለን የምትገናኝበትን መንገድ ጠየቅን። አንዳንዷ እንደ ጥፍር ያለች መቀበያ አላት፤ እርሷም በላፕቶፑ የዩኤስቢ ቀዳዳ ስትሰካ ወዲያው ሥራ ይጀመራል። መቀበያዪቱ ብትጠፋ ግን ማውሷ ብዙ ጊዜ ከንቱ ትቀራለች። ሌላዪቱ በብሉቱዝ ስለምትገናኝ ቀዳዳ አትይዝም፤ ነገር ግን ላፕቶፑ ራሱ ብሉቱዝ ያለው መሆን አለበት። እኛም ላፕቶፓችን አሮጌ ስለ ሆነ ባለ መቀበያዋን፥ ያውም በሆዷ የመቀበያ ማስቀመጫ ያላትን መረጥን።

ስለ ኃይሏም አሰብን። አንዷ ከኤሌክትሪክ ትሞላለች፤ ሌላዪቱ በባትሪ ድንጋይ ትሠራለች። መብራት በሚጠፋበት ቀን፥ ወይም ዘመድ ጥየቃ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በምንወጣበት ጊዜ፥ ድንጋይ ከማናቸውም ሱቅ ይገኛል፤ ማጥፊያዋን ለሚያስታውስ ሰውም አንዱ ድንጋይ ለብዙ ወር ያገለግላል። ባለቤቴ ደግሞ ሌሊት ሕፃን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋ ዝግ ያለውን አዝዛን ነበርና፥ ቁልፎቿን እየተጫንን አዳመጥን። ባለ ሱቁ ብዙ ቁልፍና ብልጭልጭ ብርሃን ያላትን ቢያመሰግንልን፥ ለጽሕፈት አታስፈልግም ብለን ተውናት። ስንወጣም፥ በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ብዙዎቹ ስለሚሳሳቱ ከሥሯ ወረቀት አንጥፉ ብሎ መከረን።

የቀድሞዪቱን ማውስ ወደ መሥሪያ ቤቴ ወሰድኋት፤ እኔ ቀኝ እጅ ነኝና በደኅና ታገለግለኛለች። ልጄም ላፕቶፑን ከፍታ የደብተሯን ጽሑፍ ወደ እርሱ መገልበጥ ጀምራለች። ያ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም፤ ባገኘው ስለ ሣቄ ይቅርታ እለምነዋለሁ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ለልጃችሁ መሣሪያ ስትገዙ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። የዋጋውን ነገር እናንተ ፍረዱ፤ የቅርጹን ነገር ግን ለእጁ ተዉለት።