ማመልከቻ ከቡሪ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ዛሬ የምናወጋችሁ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ካርቱም ውስጥ ቡሪ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት ጊዜ፣ የኛው ዓባይ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፍ ነበር። ማታ ማታ የስደተኛ ልጆችን እናስጠና ነበር። ከልጆቹ አንዱ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ በረሃ ላይ አባቱ ሲሞት አይቶ መናገር አቆመ። እናቱ ጸበል አስጠመቀችው፣ ምንም የለም። እኛም በቁጣ ሞከርነው። አሁን ስናስበው ያሳፍረናል። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተማርነው ሳይኮሎጂ ልጅ እንዴት እንደሚማር እንጂ ለምን ዝም እንደሚል አልነበረም።

ድሮ ሰባተኛ ክፍል ያስተማርናት ልጅ ግን አጠገቡ እየተቀመጠች ሥዕል ታስለው ጀመር። ኦምዱርማን በአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ጨርሳለች። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ «ቲቸር፣ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ለዶክትሬት ላመልክት ነው፤ እንግሊዝኛውን ይዩልኝ» አለችን። ሳቅን። «እንዴ፣ አንቺ ልጅ! መጀመሪያ የቤት ኪራይሽን ክፈይ» አልናት። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ግን ሰውየውን ይመረምራል፣ በንግግርና በልምምድ ያክማል። አሜሪካ ዶክትሬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ አንዱ ዓመት ሙሉ የሥራ ልምምድ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ማመልከት ይቻላል። ብዙዎቹ የፒኤችዲ ፕሮግራሞች ክፍያውን ሸፍነው ለመኖሪያም ይሰጣሉ፤ ታዲያ ለዚህም ነው የሚያልፈው አመልካች ጥቂት የሆነው። እንግሊዝ አገር 3 ዓመት ነው። እኛ ስደተኞች የምናውቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዳፊ ስኮላርሺፕ በዋነኛነት ለመጀመሪያ ዲግሪ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም።

አርአያም ነበራት። ሱዳናዊው ዶክተር ቲጃኒ አልማሒ (1911–1970) የባህል ሐኪሞችን ሳይንቅ የአእምሮ ሕክምናን በአገሩ ያስፋፋ ሰው ነው፤ ኦምዱርማን ላይ ሆስፒታል ተሰይሞለታል። በአገራችንም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። «እናትየው ጸበሉን አትተው ቲቸር፤ እኔ ከጸበሉ ጎን ልቁም ነው የምለው» አለችን። መልስ አጣን።

የመጀመሪያው ደብዳቤዋ አራት ገጽ ሙሉ መከራ ነበር፤ በረሃው፣ ረሃቡ፣ እስሩ። እያነበብን አለቀስን። በኋላ ግን እሷው ራሷ ቀደደችው። «ይሄ ምጽዋት መለመኛ ነው። እነሱ የሚጠይቁኝ ምን ልመረምር እንደምፈልግና ከየትኛው ፕሮፌሰር ጋር እንደምሠራ ነው» አለች። ሁለተኛው ላይ ጥያቄዋን ጻፈች። የኛ እናቶች ሲጨንቃቸው «ልቤ ደከመ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «ሰውነቴን ከበደኝ» ይላሉ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ «ድብርት አለብሽ?» ሲላቸው ግን «የለብኝም» ብለው ያልፋሉ። ታዲያ ሕመማቸው በምን ይታወቅ? ጥያቄዋ ይሄ ነበር። መከራዋ አንድ አንቀጽ ብቻ ቀረው።

የቀረው ወረቀት ነው። ትራንስክሪፕት ተገኘ። የድጋፍ ደብዳቤ ያስተማሯት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ጻፉላት፤ የኛ የሰባተኛ ክፍል መምህርነት እዚያ ሚዛን አይደፋም። የእንግሊዝኛ ፈተናው ላይ ግን ፓስፖርት ተባለች። ስደተኛ ፓስፖርት ከየት ያመጣል? ይህን ስታጣራ ከረመች።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጠዋት ተኩስ ተከፈተ። ቡሪ ለጦሩ ጠቅላይ ማዘዣ ቅርብ ነው። ሁላችንም የለበስነውን ይዘን ወጣን። የሷ ሻንጣ አልጋ ሥር ቀረ፤ የተረፈው ቀድማ በኢሜይል ለራሷ የላከችው ቅጂ ብቻ ነው። ልጁን እናቱ ይዛው ወጣች፤ የት እንደገቡ እስካሁን አልሰማንም።

በዚያው ቅጂ ሁለት ቦታ አመለከተች፤ ሁለቱም አልተቀበሏትም። አሁን ሌላ ካምፕ ሆና ከእናቶች ጋር እየተቀመጠች የሚሉትን በቃላቸው ትጽፋለች። አብዛኛው የአሜሪካ ማመልከቻ በዲሴምበር ይዘጋል፤ ዘንድሮም ልትልክ ነው። ረቂቁን ልካልን እያየነው ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ወረቀታችሁን ፎቶ አንሡና ለራሳችሁም ለታመነ ሰውም ላኩ። ዝም ያለ ልጅ ካላችሁ አትደብቁት፣ እኛ እንዳደረግነውም አትቆጡት። ልጃችሁ የማይሆን የሚመስል ነገር ይዛ ብትመጣም አትሳቁባት። እኛ ስቀን ጊዜዋን ወስደንባታል።

ቸር ይግጠመን።